የክብሪት ቤቶች

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጀርባው የጤፍ ማሳ፤
ከበረንዳው እስከ ሮቶው አንድ ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል፣
ያየ ሁሉ የልብስ ማስጫ ይመስለዋል።
ባለፈው ካልሲ አስጥተውበት አገኘሁ፤
አጥፌ በራቸው ላይ አኖርኩና
«አንቴና ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ።
ነው አልኩ እንጂ፣ ነበር ማለት አልሆነልኝም።

አጸደ ቴሌ ሳለች ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ አገናኘች፣
ጡረታ ስትወጣ ለራሷ ሬዲዮ መሥራት ያዘች።
እኔ ከጅቡቲ መንገድ ስገባ፣ አቧራዬን ሳላራግፍ፣
ጠረጴዛው ሙሉ ሽቦ፣ የእራት ሳህን ማስቀመጫ ጠፍቶ፣
«ና ስማ!» ትለኛለች።
እንደሚጠበስ ሽንኩርት ከሚንጫጫው ውስጥ
አንድ ሰውዬ በማናውቀው ቋንቋ ያነባል።
«የት አገር ነው?» ስላት
«ዝናብ ያለበት።»

አሁን ወንበሯ ላይ እኔ ነኝ።
ካውያ ማለት ለእኔ የሸሚዝ ነበር፤
ይቺ እርሳስ የምታክል፣ እርሳስ የምታቀልጥ፣
እስካሁን ሦስት ጣቴን አቃጥላለች።
ደብተሯ አለ፣ ሽፋኑ የወለቀ፦
«ሙቀቱን ለመዳቡ ስጥ፣ ለእርሳሱ አትስጥ።
መዳቡ ከጋለ እርሳሱ ራሱ ይመጣል።»

የአቶ ደቻሳን ሬዲዮ ሳትጨርሰው ነው የሄደችው፤
በጆንያ ክር ወረቀት አስራበታለች፦ «ያጉረመርማል»።
ሽማግሌው በየቅዳሜው ከኮዬ በኩል ይመጣል፣
አይጠይቅም። አራት ፎቅ ወጥቶ
ውሃ ይጠጣል፣ ሬዲዮውን ያያል፣ ይወርዳል።

ማንም የማያውቅብኝ አንድ ነገር አለ፦
ቀይና አረንጓዴ ለእኔ መንታ ናቸው።
ሃያ ሰባት ዓመት ተሳቢ ስነዳ
መብራቱን በቦታው ነበር የማውቀው፣
ከላይ ሲሆን ቁም፣ ከታች ሲሆን ሂድ።
ለአጸደም አልነገርኳት።

ሬዚስተር የሚባሉት ደግሞ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉት፣
ስማቸውን በቀለም ቀለበት ነው የሚለብሱት።
ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ፦ አንድ ሺህ።
ቡኒ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፦ አንድ ሚሊዮን።
እኔ ሺህ ባለበት ሚሊዮን ተከልኩ።
ማጉረምረሙ ቀረ። ድምፁም አብሮ ቀረ።
ቅዳሜ አቶ ደቻሳ ጆሮውን አስጠጋና
«ሞተ እንዴ?» አለ፤
ወዲያው ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ያን ማታ መብራት ጠፋ።
በስልኬ ብርሃን የታችኛውን መሳቢያ ስበረብር
የክብሪት ቤቶች፣ አርባ ይሆናሉ፣ ጎን ለጎን፣
በእያንዳንዱ ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም ቁጥር፦
ሁለት መቶ ሃያ። አራት መቶ ሰባ። ሺህ። ሚሊዮን።
ለራሷ አይደለም፤
እሷ ሬዚስተር እንደ ዘመድ ፊት ከሩቅ ነበር የምትለየው።
እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው የጻፈችው፣
የ«ሺ» እግሯ ተንሻፋለች።

ያኔ ቲማቲሙ ትዝ አለኝ።
በተጋባን በዓመቱ፣ አቃቂ ስንኖር፣
«የበሰለ እያየህ» ብላ ላከችኝ፣
ሁለት ኪሎ ጥሬ ይዤ ገባሁ።
አገላብጣ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣
«ለሰላጣ ይሆናል» አለች።
ከዚያ ወዲያ ቲማቲም የምትገዛው ራሷ ነበረች።
ሠላሳ አምስት ዓመት።

ደብተሩን እንደገና ገለጥኩ።
«ስጥ» ይላል፣ «ያዝ»፣ «ቆይ፣ አትቸኩል»፤
መጽሐፍ ሁሉ ለወንድ ይናገራል ብዬ ነበር ያለፍኩት።

ሚሊዮኑን ነቅዬ ሺሁን ተከልኩ፣ በቁጥሩ።
ነፍስ ዘራ። ማጉረምረሙም አብሮት ተመለሰ፣
እሱን ገና አላወቅሁበትም።
አቶ ደቻሳ ቅዳሜ መጣ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣
«ያጉረመርማል» አለ፣ ፊቱ እየበራ፤
ውሃውን ጠጣና
ሬዲዮውን ትቶልኝ ወረደ።